የጣና ዙሪያ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች፦ ተማሪ ከመምረጡ በፊት ሊያነጻጽራቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከባድ ውሳኔ ይጠብቃቸዋል። ልጅ የት ይማር? ምን ይማር? በየቤቱ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ተቋም ስም አለው?» የሚል ነው። መልሱም ከጎረቤት ወሬ፣ ከዘመድ ልጅ ልምድ ወይም በመንገድ ዳር ከተሰቀለ ማስታወቂያ ይገኛል። በዚህ መንገድ የተወሰነ ምርጫ ግን አራትና አምስት ዓመት ከፈጀ በኋላ ተማሪው ከሚፈልገው ሙያ ጋር ሳይገጥም ሊቀር ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ እስከ ጎንደር የሚዘልቀውን መስመር በመከተል፣ በዚህ አካባቢ የሚገኙ ተቋማት ለተማሪ የሚያቀርቡትን ያነጻጽራል። ዓላማው ተቋማትን በደረጃ ማሰለፍ አይደለም። እያንዳንዱ ተቋም በምን ምክንያት እንደተመሠረተ፣ ዛሬ ምን እንደሚያስተምርና ተማሪው ሙያውን የሚለማመድበት የሥራ ቦታ ምን ያህል እንደሚቀርበው ማሳየት ነው።

ውሳኔው ለምን ከበደ?

ብሔራዊ ፈተናው ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች ድርሻ በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። አሃዙ መሻሻል ቢያሳይም ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት እንዳላገኙ ያመለክታል። የተወሰኑት በየዓመቱ በሚወሰነው መቁረጫ ነጥብ መሠረት በአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ «ሬሜዲያል» በሚባለው መርሐ ግብር ያልፋሉ። የቀሩት የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን ወይም ሌሎች አማራጮችን መመልከት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ «የኮሌጅ ምርጫ» ሲባል ዩኒቨርሲቲን ብቻ ማሰብ አብዛኛውን ወጣት ከውይይቱ ውጭ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ በትምህርቱ ማብቂያ ላይ የመጣ ነው። የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም ነው። በሐምሌ ወር በተሰጠው በዚያ የመጀመሪያ ፈተና ከተቀመጡ 150,184 ተማሪዎች መካከል ያለፉት 61,054፣ ማለትም 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ናቸው። ይህ አገራዊ አማካይ ስለ አንድ የተወሰነ ኮሌጅ የሚናገረው ነገር የለም። በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት መካከል ሰፊ ልዩነት ይኖራል። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል፦ ተመዝግቦ፣ ክፍያ ፈጽሞና ዓመታትን ቆጥሮ መጨረስ ብቻውን ዲግሪ አያስገኝም። ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዳግም መፈተን ይችላል፤ ዲግሪውን የሚያገኘው ግን ሲያልፍ ነው። ስለሆነም መግቢያ ላይ የሚደረገው ምርጫ ከመውጫው ጋር በቀጥታ ተያይዟል።

ባሕር ዳር፦ ከፋብሪካና ከመምህራን ማሠልጠኛ የተወለደ ዩኒቨርሲቲ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም ሲመሠረት ሁለት ነባር ተቋማትን አንድ ያደረገ ነበር። አንደኛው በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ነው። በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በእንጨት ሥራ፣ በኤሌክትሪክ፣ በግብርና መካኒክስና በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ሁለተኛው በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት በ1965 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የፔዳጎጂ አካዳሚ ሲሆን፣ የመምህራን አሠልጣኞችን፣ የትምህርት ሱፐርቫይዘሮችንና የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎችን የማፍራት ኃላፊነት ነበረበት። የከተማው ነዋሪ ዛሬም ሁለቱን ግቢዎች «ፖሊ» እና «ፔዳ» ብሎ የሚጠራው ከዚህ ታሪክ በመነሣት ነው።

ይህ አመጣጥ ለተማሪ የሚጠቅም መረጃ ነው። የቴክኖሎጂው ዘርፍ ያደገው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ነው። የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚህ መገኘቱም የዚያ ቀጣይ ነው። በጨርቃ ጨርቅ፣ በአልባሳት ወይም በፋሽን ዲዛይን ሙያ መሠማራት የሚፈልግ ወጣት፣ ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ የተሰጠበትንና የተደራጀ ኢንስቲትዩት ያለበትን ቦታ ለማግኘት ከአካባቢው መራቅ አያስፈልገውም።

በጤናው ዘርፍ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያስተዳድራል። ከተማው ደግሞ ነባሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለው። የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው ከዓባይ ማዶ በወረታ አቅጣጫ በሚገኘው የዘንዘልማ ግቢ ነው። በዚያ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የዓሣ ሀብት፣ የርጥበት መሬትና የዱር እንስሳት አያያዝን አጣምሮ የያዘ ነው። ሐይቁ ለዚህ ትምህርት ሰፊ ቤተ ሙከራ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎችን የያዘና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው የእምቦጭ አረምም ባለሙያ የሚሻ ችግር ሆኖ ቆይቷል። በከተማው የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ በአቅራቢያው ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት የተማሪን ዕውቀት ከተግባር ጋር ለማገናኘት ዕድል የሚሰጡ ተቋማት ናቸው።

ከዚህ በተጨማሪ ዩኒቨርሲቲው በአገሪቱ በጥቂት ቦታዎች ብቻ የሚገኙ ትምህርቶች አሉት። የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩቱ የይዞታ ልኬታና ምዝገባ ባለሙያዎችን ያፈራል። የአደጋ ሥጋት አመራር ትምህርትም ይሰጣል። የማሪታይም አካዳሚው ከሜካኒካልና ከኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ ለዓለም አቀፍ መርከቦች መኮንንነት ያሠለጥናል። ባሕር በር በሌላት አገር፣ በሐይቅ ዳር የሚሰጥ የመርከበኝነት ሥልጠና ለብዙ ወላጅ እንግዳ ቢመስልም፣ ምህንድስና የሚማር ተማሪ ከምረቃ በኋላ ሊያስበው የሚችል እውነተኛ አማራጭ ነው።

በዚያው ከተማ፦ ዩኒቨርሲቲ ያልሆኑት አማራጮች

በባሕር ዳር የሚገኙት የጤና ሳይንስ ኮሌጅና የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በክልሉ መንግሥት የሚተዳደሩ ናቸው። ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ከላይ ከተጠቀሰው የዩኒቨርሲቲው «ፖሊ» ግቢ የተለየ ተቋም መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በስም መመሳሰል የተነሣ በምዝገባ ወቅት ግራ የሚጋቡ አመልካቾች ሊኖሩ ይችላሉ።

የጤና ሳይንስ ኮሌጁ በነርስነት፣ በአዋላጅነት፣ በፋርማሲ፣ በላቦራቶሪና በመሳሰሉት የመካከለኛ ደረጃ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ የሚሰጠው ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሠልጣኙ አንዱን ደረጃ አጠናቆ የብቃት ምዘና ካለፈ በኋላ ሥራ ሊጀምር ወይም ወደሚቀጥለው ደረጃ ሊያድግ ይችላል። ከዩኒቨርሲቲ ጋር ሲነጻጸር ዋነኛው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሦስተኛው ዓመት ቢያቋርጥ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ውሱን ነው። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ግን ባለፈበት ደረጃ ልክ የተረጋገጠ ብቃት ይዞ ይወጣል። ቤተሰቡን ፈጥኖ መርዳት ለሚኖርበት ወጣት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የአስተዳደር ኃላፊነት ክፍፍሉንም ማወቅ ይጠቅማል። ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርት ሚኒስቴር ተጠሪ ሲሆኑ፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በፌዴራል ደረጃ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይመራል። የክልል ኮሌጆች የዕለት ተዕለት አስተዳደር በክልሉ አግባብ ባላቸው ቢሮዎች ሥር ነው። ቅሬታ ወይም ጥያቄ ያለው ተገልጋይ ትክክለኛውን በር ካላወቀ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ጊዜው ያልፋል።

ወረታና ደብረ ታቦር፦ ሩዝና ደጋ

ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የፎገራ ሜዳና የወረታ ከተማ ይገኛሉ። ወረታ ግብርና ኮሌጅ የተቋቋመው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ፎገራ በአገሪቱ ቀዳሚ ከሚባሉት የሩዝ አምራች አካባቢዎች አንዱ ሲሆን ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ይገኛል። በግብርና ሙያ መሠልጠን ለሚፈልግ የአርሶ አደር ልጅ ኮሌጁ፣ የምርምር ማዕከሉና የገበሬው ማሳ በአንድ ሜዳ ላይ መገናኘታቸው በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የማይተካ ዕድል ነው። ይህ ኮሌጅ በስም ታዋቂነት ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር አይወዳደር ይሆናል። በሩዝ አመራረትና በግብርና ኤክስቴንሽን ሙያ ግን ቦታው ራሱ ይመሰክርለታል።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ሲወጡ ደብረ ታቦር ይደረሳል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ዳርና ከጎንደር በኋላ ከተከፈቱት፣ «ሦስተኛ ትውልድ» ተብለው ከሚታወቁት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ስያሜውን ያገኘው ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ካሠሩበት ከጋፋት ነው። ከተማው ሆስፒታል አለው፤ የጉና ተራራና ወደ ጣና የሚፈሱት የርብና የጉማራ ወንዞች ተፋሰስም በአቅራቢያው ይገኛሉ። ስለ ደጋ ግብርና፣ ስለ አፈርና ውኃ ጥበቃ መማር ለሚሻ ተማሪ ይህ ትርጉም አለው፤ በሐይቁ ላይ የሚደርሰው ደለል የሚነሣው ከነዚህ ተራሮች ነውና። በከተማው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ስላለ፣ የመምህርነት ሙያ የሚመርጥ ወጣት ከዩኒቨርሲቲው ጎን ለጎን ሊያጤነው ይገባል።

አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የረጅም ጊዜ ዝና የላቸውም፤ የሙከራ ዕቃና ከፍተኛ ማዕረግ ያላቸው መምህራን ለማሟላትም ጊዜ ይጠይቃቸዋል። በሌላ በኩል ለብዙ የገጠር ቤተሰብ ቅርበታቸው ትልቅ ጥቅም ነው። ሁለቱንም ጎን መዝኖ መወሰን የተማሪው ፋንታ ነው።

ጎንደር፦ ከደምቢያ ወባ የተነሣ ትምህርት ቤት

የሐይቁን ሰሜናዊ ዳርቻ የሚያዋስነው የደምቢያ ሜዳ በ1940ዎቹ አጋማሽ በወባ ወረርሽኝ ተመትቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀውበታል። በዚያ ወቅት በአገሪቱ የነበረው የጤና ባለሙያ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በመተባበር በ1947 ዓ.ም በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ያሠማራ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ተጨምሮበት፣ በ1996 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲነት ደረጃ አግኝቷል።

ያ የቡድን ሥልጠና ልማድ ዛሬም አልተቋረጠም። የተለያየ የጤና ሙያ የሚማሩ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎችና ወደ ማኅበረሰቡ ይወጣሉ። ጤና ለመማር የሚያስብ ተማሪ ጎንደርን ሲመርጥ ከትልቁ ሆስፒታል በተጨማሪ ይህን አሠራር እንደሚመርጥ ማወቅ አለበት። ኦፕቶሜትሪና ፊዚዮቴራፒን የመሳሰሉ በብዙ ቦታ የማይገኙ ሙያዎችም በዚያ ይሰጣሉ። ዩኒቨርሲቲው ከጤናው ባሻገር በማራኪ፣ በቴዎድሮስና በፋሲል ግቢዎቹ ማኅበራዊ ሳይንስን፣ ሕግን፣ ቢዝነስን፣ የተፈጥሮ ሳይንስንና ቴክኖሎጂን ያስተምራል። አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን በተለይ የሚያካትተው፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚካሄደው የነጻ ትምህርት ዕድልም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ንጽጽሩ ምን ያሳያል?

ባሕር ዳርና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በአገር አቀፉ የተልዕኮ ልየታ «የምርምር ዩኒቨርሲቲ» ተብለው ከተመደቡት ስምንት ተቋማት መካከል ናቸው። ይህ ምደባ የተቋሙን ትኩረት እንጂ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚስማማውን አያመለክትም። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የበለጠ ትኩረት ይሰጣል፤ በሥራ ገበያ ቶሎ መሠማራትን የሚያስቀድም ወጣት ግን በወረታ ወይም በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የተሻለ መንገድ ሊያገኝ ይችላል።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ትምህርቶች ያሳልፋሉ፤ የትምህርት ክፍል ምርጫ ከዚያ በኋላ በውጤትና በቅበላ አቅም ይወሰናል። ስለዚህ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ መመደብ የሚፈለገውን ትምህርት ክፍል አያረጋግጥም። ጥንቃቄ የሚያደርግ ተማሪ የሚፈልገው ክፍል ባይደርሰው በዚያው ተቋም ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያያል።

የጸጥታ ሁኔታም ከስሌቱ ውጭ ሊሆን አይችልም። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የተከሰተው ችግር የተማሪዎችን ቅበላና የትምህርት ዘመን አቆጣጠርን አስተጓጉሏል፤ ጉዞንም አክብዷል። ወላጆች ቅርብ ተቋም መምረጣቸው ከዚህ አንጻር የሚጠበቅ ነው። ይሁንና ለሙያው ብቁ ያልሆነን ተቋም በቅርበቱ ብቻ መምረጥ የዛሬን ሥጋት ቀንሶ የነገውን የሚያበዛ ውሳኔ ነው።

ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. የተግባር ልምምድ የት ይደረጋል? ለጤና ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ፣ ለምህንድስና ወርክሾፕና ፋብሪካ፣ ለግብርና ማሳ ያስፈልጋል። ተቋሙ የራሱ ከሌለው ከማን ጋር ስምምነት እንዳለው ይጠየቅ።

2. ባለፉት ዓመታት በሚፈለገው የትምህርት መስክ የመውጫ ፈተና ውጤት ምን ይመስላል? የጠቅላላ ተቋሙ አሃዝ ሳይሆን የመስኩ ውጤት ይታይ። ለጤና ሙያዎች ደግሞ ከዲግሪው በተጨማሪ የሙያ ፈቃድ ምዘና መኖሩ አይዘንጋ።

3. የግል ተቋም ከሆነ ዕውቅና ፈቃድ አለው? ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት መስኩና ለካምፓሱ ነው። አንድ ኮሌጅ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ መስክ የተሰጠው ፈቃድ ለባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ማስረጃ አይሆንም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማትን ዳግም ምዝገባ ስላካሄደ የቆየ የምስክር ወረቀት ቅጂ ብቻ በቂ አይደለም፤ ወቅታዊ መሆኑ ከባለሥልጣኑ መረጋገጥ አለበት።

4. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት ሥርዓት የሚማር ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ከገቢው የሚከፍለው ግዴታ ይፈርማል። በግል ተቋም ደግሞ ከወርኃዊ ክፍያው ሌላ የምዝገባ፣ የልምምድና የመመረቂያ ወጪዎች አስቀድመው ይጠየቁ።

5. ተማሪው አካል ጉዳተኛ ከሆነ ወይም ልዩ ድጋፍ ከፈለገ ግቢው፣ ማደሪያውና የትምህርት አሰጣጡ ይህን ያሟላል?

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ረጅም ጉዞ አያስፈልግም። የየተቋማቱ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸው ምርጫ ከመሙላታቸው በፊት ቢያንስ አንድ ዩኒቨርሲቲና አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ እንዲጎበኙ ቢያደርጉ፣ በስም ላይ የተመሠረተው ውሳኔ በመረጃ ላይ ወደተመሠረተ ይሸጋገራል።

የጣና ዙሪያ ተቋማት ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ። ጎንደር የተከፈተው ወባ ስለገደለ ነው፤ ፔዳ የተቋቋመው አሠልጣኝ ስለጠፋ፣ ፖሊ ደግሞ ለኢንዱስትሪ ሠራተኛ ስላስፈለገ ነው። ተቋማቱ የአካባቢያቸውን ችግር ለመፍታት እንደተመሠረቱ ሁሉ፣ ተማሪም ሊሠራ የሚፈልገውን ሥራ አስቀድሞ ለይቶ፣ ለዚያ ሥራ የሚያበቃውን ቦታ ቢመርጥ ድካሙ ፍሬ ያፈራል።